ቅርብ ማለት ስንት ገበያ ነው?

እኔ ምስጢር አይበረክትልኝም። ይሄን ሰቆጣ ሙሉ ያውቀዋል። እናቴ "የዚች ልጅ አፍ ወንፊት ነው" ትል ነበር፤ አባቴም ነጋዴ ነውና ያተረፈውንም የከሰረውንም እኔ ፊት አያነሳም። እውነታቸውን ነው። አንድ ነገር ከሰማሁ ሆዴን እንደ ጥሬ ሽምብራ ይነፋኛል፤ ለአንድ ሰው ካልተነፈስኩት እህልም አይወርድልኝ። እንግዲህ በደርግ ጊዜ፣ ከዚያ ሁሉ ምላስ መሀል፣ የከተማው ትልቁ ምስጢር እኔ አፍ ላይ ሲወድቅ ምን እንደሆንኩ ራሳችሁ ገምቱት። ወላሂ ሳስበው ዛሬም ሳቄ ይመጣል።

ሱቃችን ገበያው ዳር ነበር። ጨው፣ ላምባ፣ ሳሙና፣ የባትሪ ድንጋይ፣ አቡጀዲ እንሸጣለን። ከአቡጀዲው ጎን ደግሞ አንዲት የመጻሕፍት መደርደሪያ ነበረችን። አባቴ ዕቃ ሊያመጣ ደሴ በወረደ ቁጥር ጥቂት መጻሕፍት ይዞ ይመለሳል፤ ልብወለዱንም፣ የታሪኩንም፣ ስለ ንብ እርባታ የተጻፈውንም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጥቶ ሽማግሌው አሮጊቱ ፊደል ከቆጠረ ወዲህ መጽሐፍ ፈላጊው በዝቶ ነበር። ታዲያ የአባቴ ሕግ ጥብቅ ነው፤ ሳይገዙ መግለጥ የለም። ገልጠው ገልጠው "አልወደድኩትም" የሚሉትን አይወድም። የጀርባውን ሽፋን ግን በነጻ ማንበብ ይቻላል።

የጀርባ ሽፋን አንባቢዎቻችን አለቃ እማማ ነበሩ። ጎረቤታችን ናቸው፤ እናቴ አይደሉም፣ ግን ሰፈሩ በሙሉ "እማማ" ነው የሚላቸው። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መሪጌታ ነበሩ። ያን ሁሉ ድጓ በቃላቸው የሚወርዱ ሊቅ፣ ለሚስታቸው አንዲት "ሀ" አላስቆጠሩም። በርግጥ ማታ ማታ ገድል ያነቡላቸዋል። ግን መሪጌታ አንድ ክፉ አመል ነበረባቸው፤ መጨረሻውን አስቀድመው ይናገራሉ። "ይኼ ሰማዕት አንገቱን ይቆረጣል፤ በይ አሁን ስሚ" ብለው ነው የሚጀምሩት። እማማ ይናደዱ ነበር። "አይ መሪጌታ! ከተቆረጠ ወዲያ ምኑን ልስማው?"

የሰርጋቸውንም ነገር እየሳቁ ነበር የሚያወሩልን። "ጌሾ ይወቀጣል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ እኔም ውኃ በእንስራ እያመላለስኩ 'የማን ሰርግ ነው?' እላለሁ። 'የዘመድ ነው' ይሉኛል። አገር ያውቃል። ከብት ጠባቂው ያውቃል። ለካስ የኔው ኖሯል!" እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። እሳቸው ግን ሳቃቸው ቶሎ ያልቃል። አንድ ቀን ሳቁ ሲያልቅ፣ "ዕድሜዬን ሙሉ የኔን ነገር ሰው ቀድሞኝ ሲያውቀው ኖርኩ። አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ማንም ሳይነግረኝ በገዛ ዓይኔ ደርሼበት ልሙት" አሉ። ያን ቀን ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ፊደል የለዩት በዘመቻው ነው። የምስክር ወረቀታቸውን ከተቀበሉ ወዲህ የማያነቡት ነገር የለም። የሳሙናውን ካርቶን ያነባሉ፣ የክብሪቱን ቀፎ ያነባሉ፣ ስኳር የመጣበትን ጆንያ አገላብጠው ያነባሉ። የአፍ መፍቻቸው ኽምጣና ነውና ያነበቡትን በኽምጣና ለራሳቸው ደግመው ይነግሩታል። አንድ ቀን የአንዱን ልብወለድ ጀርባ ይዘው በጣታቸው ፊደል ፊደሉን ሲገፉ ቆዩና ከታች አንዲት ማስታወቂያ ላይ ደረሱ። "በቅርብ ቀን ለንባብ ይበቃል" ትላለች። በሰርጓ ዋዜማ ስለጠፋች ልጅ የተጻፈ አዲስ ልብወለድ ነው። መጨረሻዋ ላይ ጥያቄ አለ፤ "ሙሽራዋ የት ገባች?"

"የት ገባች?" አሉኝ ቀና ብለው።

"እኔ ምን አውቄ እማማ! መጽሐፉ ገና አልወጣም።"

"ካልወጣ ታዲያ ለምን አስቀድመው ይጠይቁኛል?"

"በቅርብ ቀን ይላል እኮ።"

ወደ አባቴ ዞሩ። "አንቱ፣ ቅርብ ማለት ስንት ገበያ ነው?"

አባቴ ጢሙን አሻሸ። "እሱን አላህ ነው የሚያውቀው" አላቸው።

ከዚያ ወዲያ ጉድ ፈላ! መኪና ከኮረም በኩል በመጣ ቁጥር እማማ ሹፌሩን ገና ሞተሩን ሳያጠፋ ይይዙታል፤ "ወጣች?" ሹፌሩ ስለ ማን እንደሚጠየቅ እስኪገባው ድረስ ሰው ይሰበሰባል። የተሰበሰበውም "ማን ናት?" ይላል። እማማ ማስታወቂያዋን በቃላቸው ይወርዱለታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ አገር አዳረሰ። ከደሃና እህል ጭነው የመጡት፣ ከጋዝጊብላ በግ የነዱት፣ ጨው ሊገዙ ጎራ ሲሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ሙሽራዋ ሆነ። ከተማው ተከፈለ። "ገዳም ገብታለች" የሚል አለ። "ሹፌር ወስዷታል" የሚል አለ፤ ይሄ የሴቶቹ ወገን ነው። "ጅብ በልቷታል" የሚሉት ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ማንም አይወዳቸውም።

የባሰ አታምጣ ማለት ያኔ ነው፤ አንድ ከፃግብጂ ፍየል ነድቶ የመጣ ሰውዬ ሱቃችን ደጃፍ ቆሞ፣ "እኔ አይቻታለሁ። በኛ በኩል አንዲት የማትታወቅ ልጅ ወንዝ ወርዳ ውኃ ስትቀዳ ነበር" አለ።

ደሜ ፈላ። "አንተ ሰውዬ፣ ልብወለድ እኮ ነው! ሰው ቁጭ ብሎ በልቡ ያሰበው ነው! እንዴት አየኻት?"

"ልብወለድም ትሁን ሌላ፣ ስትቀዳ አይቻታለሁ" ብሎኝ ፍየሎቹን ነድቶ ሄደ። ምን ትሉታላችሁ?

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ መጽሐፉ መጣ። አባቴ ያገኘው ጥቂት ቅጂ ነበር፤ አንዱን መምህሩ ገዛ፣ አንዱን የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ አንዱን አንድ ዲያቆን። እማማ ቅል ሙሉ ነጭ ማር አምጥተው የራሳቸውን ወሰዱ። አንዱን እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ተሸፋፍኜ ተኛሁና፣ እህል ውኃ ሳልል ጨረስኩት። ስጨርስ ከአልጋዬ ዘልዬ ወረድኩ። ያ ረቢ! እንዲህ ያለ መጨረሻ! ለእናቴ ልነግራት አፌን ከፍቼ ስሮጥ እማማ በር ላይ ቆመዋል፤ መጽሐፋቸውን በነጠላ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አቅፈዋል።

"አንብበሻል አይደል?" አሉኝ።

"አዎ።"

"እንግዲህ ስሚኝ። እኔ በቀን አንድ ገጽ ነው የምችለው። ጫፏን ማንም እንዳይነግረኝ። በተለይ አንቺ።"

እማማ ነገሩን እንዲሁ አልተዉትም። ቄሱን ለመኗቸውና ከቅዳሴ በኋላ በቤተክርስቲያን ደጅ፣ "መጨረሻዋን የነገራቸው የተገዘተ ይሁን!" ተባለ። በመስጊዱ በኩል አባቴ አስጠነቀቀ። የመጽሐፉ አንባቢ በዝቶ፣ ያላነበበውም ካነበበው ሰምቶ፣ ብዙም ሳይቆይ ከተማው ውስጥ የማያውቅ ጠፋ። የማያውቁት እማማ ብቻ ናቸው። የሚጠረጠረው ደግሞ እኔ ነኝ። አንዱ ሹፌር "ይቺ? ለቀጣዩ ገበያ አትደርስም" ብሎ በሰው መሀል አሾፈብኝ። አባቴም ቆጣ ብሎ፣ "ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ብታበላሺባቸው እዚህ ሱቅ እግርሽ አይረግጥም" አለኝ።

ምን በወጣኝ! ብልሃት ፈጠርኩ። እማማ ሲመጡ ካየሁ የሽምብራ ቆሎ እፍኝ ሙሉ አፌ ውስጥ እሞጅራለሁ። እሳቸው በየቀኑ ገጻቸውን ጨርሰው ይመጣሉ። "ሹፌሩ ነው የወሰዳት፣ አይደል? እስቲ ፊትሽን አሳዪኝ!" እኔ ፊቴን ወደ አቡጀዲው አዙሬ ቆሎዬን እቆረጥማለሁ። ጉንጬ አብጦ ሲያዩት ጆሮ ደግፍ የያዘኝ መስሏቸው በማግስቱ ቅጠል ጨቅጭቀው መጡ። ቀቡኝ። ዝም ብዬ ተቀባሁ። መንጋጋዬ ያሳየኝን አበሳ አላህ ይወቀው።

የጨነቀው ሌላውም ነው። አንድ ቀን በቀበሌው አዳራሽ ስለ እርከን ሥራ ተሰብስበን፣ ሊቀመንበሩ በንግግሩ መሀል ሞቅ አለውና፣ "ጓዶች! ከሥራ የሚሸሽ ሰው ልክ እንደዚያች ሙሽራ ነው፤ ለካስ እሷ..." ሲል እማማ ከፊት ወንበር ላይ ነበሩ። ሞቼ ነው ቆሜ! መምህሩ ከመቀመጫው ተፈናጥሮ ግራ እጁን አነሳና "ኢትዮጵያ ትቅደም!" ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ገባው። "ትቅደም! ትቅደም!" አዳራሹ ተናወጠ። አባቴ ይጮሃል፣ ቄሱ ይጮሃሉ፣ ጅብ በላት የሚሉት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ከዘራቸውን እያነሱ ይጮሃሉ። ሊቀመንበሩ ግራ ተጋብቶ እሱም እጁን አነሳ። ሲረጋጋ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ "እንዲህ ያለ ንቃት አይቼ አላውቅም" አለን። የጀመረውንም ረሳው።

የከበደኝ ቀን ግን ሌላ ነው። እማማ ወደ መጽሐፉ ማለቂያ ሲቃረቡ አንድ ከሰዓት መጡና መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ አኖሩት። ዓይናቸው ቀልቷል። "ገደል አፋፍ ላይ ነጠላዋን አገኙት። ሞታ ከሆነ አልጨርሰውም። በቃኝ። ውሰጂው" አሉኝ። አፌ ውስጥ ቆሎ አልነበረም። አንዲት ቃል፣ አንዲት ብቻ ብናገር እንባቸው ይደርቃል ወይም ይብሳል፤ የትኛው እንደሆነ አውቀዋለሁ። ምላሴ ጥርሴ ድረስ መጥቶ ነበር። "አንድ ነገር ብቻ በገዛ ዓይኔ" ያሉት ትዝ ባይለኝ ኖሮ አልቆልኝ ነበር። መጽሐፉን አንስቼ እጃቸው ላይ መለስኩና፣ "ሆድ ይፍጀው እማማ። ራስዎ ይድረሱበት" አልኳቸው። ከዚያ መጽሐፉን በነጠላቸው ጠቅልለው ወጡ። እኔ ከጨው ጆንያው ጀርባ ገብቼ አለቀስኩ።

የመጨረሻዋን ገጽ ያነበቡት በገበያ ቀን፣ ሱቃችን ደጃፍ ዱካ ላይ ተቀምጠው ነው። "ጮክ ብዬ ነው የማነባት" ብለው ነበርና ሰው ግጥም አለ። ከደሃናም ከጋዝጊብላም የመጣው ሸቀጡን ጥሎ ቆመ። እማማ ጣታቸውን አስቀድመው ፊደል ፊደሉን ገፉት። አንዳንዷ ቃል ላይ ይሰናከላሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይነሳሉ። የሚያውቅ ሁሉ ከንፈሩ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ የሚያግዛቸው ግን የለም። የመጨረሻዋን መስመር ጨረሱ። በኽምጣና ለራሳቸው ደገሟት። ከዚያ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ።

"ኧረ በሕግ አምላክ! እንዲህ ነው ለካ!" አለ መምህሩ። ሲያስመስል ያሳፍር ነበር።

እማማ ቀና አሉ። እያንዳንዳችንን አዩን። "ሁላችሁም ታውቁ ነበር?"

አባቴ መሬት መሬት ያያል። እኔ ያ የሰርጋቸው ነገር ነው የታየኝ። አገር ሁሉ ያውቃል፣ እሳቸው ብቻ አያውቁም። አጥፍተናል አልኩ በልቤ።

"ያኔም አገሩ ሁሉ እያወቀ ዝም አለኝ" አሉ እማማ። "ዘመኔን ሁሉ ያ ዝምታ ሲቆጠቁጠኝ ኖረ። ዛሬ ግን አገሩ ሁሉ እያወቀ ለኔ ብሎ ዝም አለ። ከኔ ሊደብቅ ሳይሆን፣ እኔው እንድደርስበት። ተካስኩ ልጆቼ። ዛሬ ተካስኩ።" ከዚያ ጉንጬን ቆንጥጠው፣ "ይቺም! ይቺ ወንፊትም!" ብለው ሳሙኝ። እልልታው ሲቀልጥ አህዮቹ ደነበሩ።

ያን ጊዜ ነው ያ የፃግብጂው ሰውዬ ፍየሎቹን ይዞ እየተንደረደረ የደረሰው። "እህሳ! አለቀች? እኔ ያየኋት ናት? የት ገባች?"

ከተማው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። አፌ ሙሉ ቆሎ ነበር። እማማ ግን ዱካቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ፤ ከሰው ቀድመው አንድ ነገር ሲያውቁ በዕድሜያቸው የመጀመሪያቸው ነው። መጽሐፉን ዘጉና ጭናቸው ላይ አደረጉት። ሳቃቸው መጣ፣ ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ፣ ይሄኛው ሳቅ ቶሎ አላለቀም።

"አልነግርህም" አሉት። "ፊደል ቁጠርና ድረስባት።"

ሰውዬው ተናዶ ሄደ። በሚቀጥለው የመሠረተ ትምህርት ዙር ግን ከፊት ተቀምጦ "ሀ፣ ሁ" ሲል አየሁት። እኔም ይኸው አሁን ድረስ ሰው ሙሽራዋ የት እንደገባች ሲጠይቀኝ ቆሎዬን እቆረጥማለሁ።