ዳንቴል የለበሰው ስፒከር

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቼ የእናቴን መርዶ ሲነግሩኝ እሷ ከተቀበረች ሰንብታ ነበር። በኋላ ወንድሜ፣ አልጋ ላይ ሆና ልጆቿን በየተራ ስትመርቅ የተቀዳችበትን ካሴት ላከልኝ። ድምፁ ታፍኖ እኔን ታንሳኝ አታንሳኝ መለየት አቃተኝ።

ባለቤቴ ዳንቴል ያለበስኳቸውን የቴፑን ስፒከሮች አይቶ ሳቀ። «አንቺ ሴት፣ አፉን በዳንቴል ሸፍነሽ ተናገር ትይዋለሽ?»

ዳንቴሉን ገፎ ስፒከሮቹን ከግድግዳው አራቀ፤ ፊታቸውንም ወደ መቀመጫዬ መለሰ። ካሴቱን እንደገና ከፈተው።

እናቴ ከግራም ከቀኝም አልመጣችም። በሁለቱ መሃል፣ ምንም በሌለበት ባዶ ቦታ፣ ትንፋሿ ሳይቀር ተሰማኝ። «አርባ ምንጭ ያለችውን ልጄን…» ስትል ካሴቱ አለቀ። ተነስቼ አማተብኩ።

አልጋዋ አጠገብ የነበራችሁ፣ ስለ እመብርሃን፣ ከዚያ ወዲያ ምን ብላ እንደመረቀችኝ ንገሩኝ።