የእትዬ ሀዋ ሁለተኛው ካልሲ

አይ፣ ይሄስ አልተዋጠልኝም። ጠዋት ሰዓዳ ደውላ «እናቴ አረፈች» ስትለኝ «የማን እናት?» ብዬ ጠየቅኋት። የእሷ እናት እትዬ ሀዋ እንደሆኑ አቀስታ በሙሉ ያውቃል። እኔ ግን ጠየቅኋት።

«ከዙህር ሶላት በኋላ ትቀበራለች፤ ከቻልክ ድረስ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። እኔ መካነ ሰላም፣ እሳቸው አቀስታ። በእጄ ደግሞ ሠርቼ ሠርቼ ተረከዙ ላይ ያቆምኩት ካልሲ።

ወዳጆቼ፣ ይህን ጽሑፍ ማንም አልጻፈልኝም። በገዛ አውራ ጣቴ ነው። የማታ ትምህርት ከጨረስኩ ገና ነው፤ ስህተት ያገኘ ለራሱ ይያዘው።

እትዬ ሀዋን ያወቅኋቸው እዚያው የማታ ክፍል ውስጥ ነው፣ አቀስታ። እሳቸውም ፊደል ሊቆጥሩ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ክፍሉ ውስጥ ፊደል ቀድሞ የለየ እኔ ነኝ። ይህን ስናገር እትዬ ቢሰሙ «ከኋላ ሲቆጠር» ይሉ ነበር።

ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ ነው፣ እጃቸው ከጠረጴዛው ሥር ካልሲ ይሠራል። አምስት ሽቦ፣ ሁሉም ከተሰበረ ጃንጥላ የወጣ፣ ጫፉ በድንጋይ የተሞረደ። ክሩ የለጋምቦ በግ ጠጉር፣ ራሳቸው የፈተሉት።

«ይሄማ ቀላል ነው» አልኩ። እኔ መቼም ቀላል ያላልኩት ነገር የለም።

«እንካ» አሉና አቀበሉኝ።

የመጀመሪያ ካልሲዬን ስጨርስ ክፍሉ ሁሉ ተሰብስቦ አየው። ተረከዝ የለውም። ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ነው። እትዬ ገልበጥ አድርገው አዩትና «ማሻአላህ፣ ለዱላህ ልብስ ሠራህለት!» አሉ። ከዚያ የክሩን ጫፍ ፈልገው በእጄ አስያዙኝ።

«ፍታው ልጄ። ክር አይሞትም።»

ይህችን ቃል ስንት ጊዜ ሰማኋት! ስሜን አጣምሜ ስጽፍ እንኳ «ፍታው» ነበር የሚሉኝ።

አንድ ሕግ ነበራቸው። የተማሪ የመጀመሪያ ሙሉ ጥንድ የአስተማሪው ነው። እሳቸውም ያስተማሯቸውን ሴትዮ እንዲያ አልብሰው ነው የተመረቁት። «ጥንዱን ሳላይ እጅህን አልመርቅም፤ ያልተመረቀ እጅ ደግሞ ሌላ ሰው አያስተምርም» አሉኝ።

መካነ ሰላም የጭነት ሥራ ይዤ ከመጣሁ ወዲህ አብረውኝ የሚጭኑት እግራቸው በብርድ ተሰነጣጥቆ «እስቲ አሳየን» ይሉኛል። እኔ ጉረኛው «ቆይ፣ ምርቃቴ ይምጣ» እያልኩ አስጠብቃቸዋለሁ። አንዱን እግር ጨርሼ ነበር። ሁለተኛውን ለአረፋ ላደርስ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጬ ሽቦዎቼን አወጣሁ። ከከፈን ሌላ ምንም አብሮ መቃብር እንደማይገባ አጥቼው አይደለም፤ ወሎ ነው ያደግሁት። ግን ከቤት ሳይወጡ ጥንዱን እግራቸው ሥር ላኑር፣ አይተውት ይሂዱ ብዬ ነው።

ረዳቱ አየኝና «ሰውዬው፣ ቀሚስም ትሠራለህ?» አለ። መኪናው ሙሉ ሳቀ።

«ለአፍህ ክዳን እሠራልሃለሁ፤ ክሩ ከበቃ» አልኩት።

መንገዱን ታውቁታላችሁ። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር የክሩ ቀለበቶች ከሽቦው ይዘላሉ፤ አንዱን በጥርሴ ይዤ ሌላውን እመልሳለሁ። ሹፌሩ አንዴ ለጭነት፣ አንዴ ለመንገደኛ ይቆማል። «ንዳው ባክህ፣ ቀብር አለብኝ!» እላለሁ። ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ነው። ተረከዙን አዞርኩ፣ መርገጫውን ወረድኩ።

አቀስታ ሊታይ ሲል የቀረኝ ጣቱን መዝጋት ብቻ ነበር። ዘርግቼ አየሁት።

ጠማማ! ከአንዱ ጎን ያነሳሁት ቀለበት ከሌላው አንሷል። ተረከዙ እንደተቀየመ ሰው ፊቱን አዙሯል።

አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ «ተወው ልጄ፤ ዛሬ ተረከዝ የሚያይ ማን አለ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ብተወው ሙሉ ጥንድ ይዤ እደርሳለሁ። ብፈታው አንድ ካልሲና አንድ እፍኝ ክር ይዤ። ጫፉን ያዝኩት፣ ለቀቅኩት፣ መልሼ ያዝኩት። ከዚያ ሳብኩት። መርገጫው ሄደ፣ ተረከዙ ሄደ። ረዳቱም አልሳቀ።

ስደርስ ጀናዛው ከግቢ ወጥቷል። ሮጬ ከቃሬዛው በአንዱ ጫፍ ገባሁ። መሸከም ሥራዬ ነው፤ እንዲህ ቀላል ሸክም ግን እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም።

ከቀብር ስንመለስ ሰዓዳ ከደጅ ጠራችኝ።

«ካልሲውስ?»

አንዱን ሙሉ፣ አንዱን ግማሽ አወጣሁላት። ግማሹን አገላበጠችው። የተፈታ ክር ያስታውቃል፤ እንደ ጠጉር ይጠቀለላል።

«ማነው ፍታው ያለህ?»

«ማንም።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። «ትናንት ስታነሳ የዋለችው አንተን ነው። ‹ያ ጉረኛ ሲመጣ ተረከዙን እዩልኝ። ሳይነገረው ራሱ የፈታ ለት እኔን አይጠብቅ፤ እጁን መርቄዋለሁ በሉት› ብላኛለች።»

ግማሹን ካልሲ ከእጇ ተቀብዬ ሽቦዎቼን አወጣሁ።

እትዬ፣ ካልሲዎን እዚሁ ለቅሶው ቤት ጥግ ተቀምጬ እንደገና ጀምሬዋለሁ። ጥንዱ ለአረፋ ይደርሳል፤ የሰዓዳ እግር በእርስዎ ልክ ነው። ስመለስ ደግሞ እነዚያን ጫኞች የጃንጥላ ሽቦ አስይዤ አስቀምጣቸዋለሁ። ለዱላቸው ልብስ ይሠራሉ፣ እስቅባቸዋለሁ። ከዚያ የክሩን ጫፍ ፈልጌ በእጃቸው አስይዛቸዋለሁ። የምነግራቸውን እርስዎ ያውቁታል።

ሰው ሁሉ አፈሩ ይቅለልዎት እያለ ነው። እኔ ግን የአቀስታን ብርድ አውቀዋለሁ።

አፈሩ ይሙቅዎት፣ እትዬ ሀዋ።