የደስታነሽ እንስራዎች

በመርሳ ዙሪያ ወይን ተክሎ ፍሬውን ለወይን ጠጅ ጠማቂ በመሸጥ ማሩን የቀደመው የለም። ጉልምስናውን ሸዋ ውስጥ በአንድ የወይን እርሻ ሲሠራ አሳልፎ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ያመጣው የወይን ሐረግ ቁርጥራጭ ሃያ ዓመት አኖረው። ሰው «ማሩ ወይኑ» ሲለው እንደ ማዕረግ ይጥመው ነበር። መማር ለፈለገ ሁሉ የሐረጉን አገራረዝ ያሳያል። ባሏ የሞተባትን ጎረቤቱን ደስታነሽንም ያስተማራት እሱ ነው።

ከዚያ በልጉ ሁለት ዓመት በተከታታይ ቀረ። ወንዙ ገና በጥር ቀጠነ፤ ሙቀቱም ጨመረ። ማሩ ግን እንደ ልማዱ ተራው ሲደርስ ቦዩን ይለቃል፣ ፀሐይ እንዲያገኘው ብሎም ዘለላውን ከቅጠል ያራቁታል። ፀሐዩ ፍሬውን ቀቀለው። ከአጥር ወዲያ የደስታነሽ ሐረግ ለምለም ነው፤ ቅጠሉ አልተነካም፣ መሬቱም የማሽላ አገዳ ለብሷል።

ወልድያ ወይን ጠጅ የሚጠምቀው ፍቅሩ መጥቶ ከማሩ ዘለላ አንዲት ፍሬ ቀመሰ።

«ጋሽ ማሩ፣ ስኳር ብቻ ሆኗል። ኮምጠጥ የሚለው ነገር የለውም» አለና ወደ ደስታነሽ ተሻገረ። እዚያ ብዙ ቆየ። ሳቁ እስከ ማሩ ደጃፍ ይሰማ ነበር።

ምሳ ላይ ማሩ፣ «ውሃ እየሰረቀች ነው» አለ ለሚስቱ ለሙሉወርቅ።

«ተራዋን ስትጠብቅ አጠገቧ ቆመህ አልነበር?» አለችው።

ደስታነሽ ገበያ የወጣች ቀን አጥሩን ዘለለ። አገዳውን ገለጥ ሲያደርግ እስከ አንገቱ የተቀበረ እንስራ አገኘ። የከደነውን ጠፍጣፋ ድንጋይ አንስቶ ጎን አስቀመጠው። ውስጡ ውሃ አለ፤ በሸክላው እያላበ ወደ ሥሩ ይዘልቃል። ነገሩ ወዲያው ገባው። መግባቱ ነው የባሰበት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እንዴት ሳያስበው ቀረ? በእግሩ መታው። ሁለተኛውን ሰበረ፤ ሦስተኛውንም። ከዚያ አጥሩን ዘሎ ተመለሰ።

በማግስቱ መጣች። «ጋሽ ማሩ፣ ጃርት እንስራዎቼን ሰበረብኝ። ሐረጎቹን በምን ላትርፋቸው? አንቱ ያውቃሉ።»

ማሩ መሬት መሬት አየ። «እኔ ነኝ፣ ደስታነሽ።»

«አውቃለሁ። ጃርት ክዳን አንስቶ ጎን አያስቀምጥም።»

«ታዲያ ለምን ጃርት አልሽ?»

«ራስዎ እንዲነግሩኝ።»

ከሐራ ገበያ ሦስት እንስራ አምጥቶ በገዛ እጁ ቀበረላት። እሷም ሥራውን አልሸሸገችውም። «ደጄ ላይ ካለው እንስራ ሥር ሁልጊዜ ሣር ይበቅል ነበር፤ ከዚያ ነው ያየሁት» አለችው። «ቅጠሉንም በምዕራብ በኩል ይተዉለት። ፀሐይዋ ያቺ የምናውቃት አይደለችም።»

ማሩም በራሱ ማሳ እንደዚያው አደረገ። በዓመቱ የእሱም ፍሬ ከንፈር የሚያኮማትር ጣዕሙ ተመለሰ። ፍቅሩ ከሁለቱም ገዛ፤ መጀመሪያ ግን ከእሷ። አሁን መማር የሚፈልግ ሲመጣ ማሩ በአገጩ ወደ አጥሩ ማዶ ያመለክታል፤ «ከእሷ ተማር» ማለት ግን እስካሁን ይከብደዋል። ባለፈው ሰሞን ከእሷ ሐረጎች አንዱ ቢጫ ቅጠል አውጥቶ አየና ደስ አለው። መደሰቱ አሳፈረው። ሄዶ ስለ ቅጠሉ ነገራት።