ውሃ የፈራው ዱቄት

በደርግ ዘመን እሠራበት በነበረው የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ክፍላችን ኃላፊ ይጠላኝ ነበር። እኔም እጠላው ነበር፤ ዛሬ ላለዝበው አልሞክርም።

የጠባችን መነሻ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ስስ ሴራሚክ ናት። የሽመና ማሽኖቹ መቆጣጠሪያ ትራንዚስተሮች በግለት ይቃጠሉ ነበር። ሙቀት የሚያሳልፍ፣ ኤሌክትሪክ ግን የሚያግድ ሴራሚክ ከሥራቸው ቢነጠፍ እንደሚድኑ አምን ነበር። ማግኒዥየም፣ ሲሊከንና ናይትሮጅን የተዋሐዱበትን ይህን ሴራሚክ ውጭ አገር ስማር በሙከራ ሠርቼው ነበር፤ ዋናውን ዱቄት፣ ማግኒዥየም ናይትራይዱንም፣ በጠርሙስ ይዤ ተመለስኩ። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ኃላፊው የብረት ማጠንከሪያውን እቶን ለአንድ እሑድ ፈቀደልኝ።

ሐሙስ ጠዋት ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈሬ፣ ወርጄ ስደርስ ክፍሉ የሽንት ቤት ሽታ ይሸታል። ጎብኚዎች ይመጣሉ ተብሎ የጽዳት ዘመቻ ታውጆ፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ሁሉ፣ የጠርሙሴ ውስጥ ሳይቀር፣ ታጥቧል። «ውሃ አይንካው» የሚለው ጽሑፌ ተልጦ ባልዲው ውስጥ ይንሳፈፋል። ያ ዱቄት ውሃ ሲያገኝ ይበላሻል፤ እንደ ሽንት የሚከረፋ አሞኒያ የሚባል ጋዝም ያወጣል።

ከሰዓት በኋላ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። ኃላፊው ጥፋቱን ከደሴ ሆጤ ሰፈር በሚመላለሱ፣ በዕድሜ ገፋ ባሉ ሴት የጽዳት ሠራተኛ ላይ ጣለ።

«መርዝ ጨምረውበታል። ይህ አሻጥር ነው።»

«ወላሂ ከውሃ በቀር የጨመርኩት የለም» አሉ ሴትዮዋ። «እጠቢ ያልከኝስ አንተ አይደለህ? ሹመት ያስረሳል እንዴ፣ ልጄ?»

አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ሰውን ወዴት እንደሚያስወስድ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ለመጠባበቂያ ያሸግኩት አንድ ብልቃጥ ዱቄት ቀርቶኛል፤ ለአንዲት ሴራሚክ ይበቃል። ለመወሰን ዘገየሁ፤ ይህንንም አልደብቅም። በመጨረሻ ለሰብሳቢው የተቀዳውን የመጠጥ ውሃ አንስቼ ዱቄቱን ገለበጥኩበት። ፊት የተቀመጡት አፍንጫቸውን ያዙ።

«ንጹሕ ውሃ ነው፣ ጓድ ሰብሳቢ» አልኩ። «ጥፋተኛ ካለ እጠቡ ብሎ ያዘዘው ነው።»

ሴትዮዋ ነጻ ወጡ። ኃላፊው ፈገግ አለ።

«ጓዲት ኬሚስት፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ የሚፈራ ሴራሚክ ለአብዮቱ ምን ይሠራለታል?»

አዳራሹ ሳቀ። ሴትዮዋም ሳቁ።

«እቶን ውስጥ ከተተኮሰ በኋላ አይፈራም» አልኩ። ጸሐፊው ግን ቃለ ጉባኤውን ዘግቷል።

እሑድ እቶኑ ቀዝቅዞ ዋለ። ለጎብኚዎቹ ሲባል ቀለም ቀብተውት ነበር።