አንዷለም የሰካው ሞተር

ትናንት ጣና ዳር ባለ ሆቴል አንዲት ሕፃን ልጅ፣ ዓሣ ወደሚዋኝበት የመስታወት ገንዳ እጇን ስትሰድ አየሁና «መጀመሪያ ይነቀል!» ብዬ ጮህሁ። እናቷ እንደ እብድ አየችኝ።

በደርግ ጊዜ እዚሁ ጣና ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር፣ አክስቴ ቤት፣ እንዲህ ያለ ገንዳ ነበር። ልጃቸው አንዷለም ከመስኮት መስታወት ሠርቶት፣ ከሐይቁ ቆሮሶ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች አምጥቶ ጨመረበት፤ ውሃ የሚያዞር ሞተርም አጠለቀበት። የሞተሩ ሽቦ ተልጦ ስለነበር ውሃው ይነዝራል። ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስዱት ከበር ላይ ዞሮ «እማ፣ ሳይነቅሉ እጅዎን እንዳያስገቡ» አላቸው።

አክስቴ ግን አይነቅሉም። በየጠዋቱ መስታወቱ ላይ የያዘውን አረንጓዴ ልጋግ በጣታቸው ይጠርጋሉ። የዓሣና የተቃጠለ ጎማ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል፤ ክንዳቸው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ።

«እትዬ፣ ኧረ ይንቀሉት!»

«የሰካው እሱ ነው፤ መጥቶ እሱ ይንቀለው።»

አንድ ቀን እጄን ይዘው ውሃው ውስጥ ነከሩት። እስከ ክርኔ ነዘረኝና ጮሄ አወጣሁት። እሳቸው የራሳቸውን አላወጡም። «አይዞሽ፣ እኔስ ለምጄዋለሁ» አሉ።

መብራት ሲጠፋ ውሃው ዝም ይላል። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የሆቴሉ አስተናጋጅ እየሳቀ ሶኬቱን ነቀለልኝ። እጄን አስገባሁ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ ምንም አላለኝም። እኔ ከዚያ ቤት ከወጣሁ በኋላ የአክስቴን ሶኬት በመጨረሻ ማን እንደነቀለው ግን እስከ ዛሬ ደፍሬ አልጠየቅሁም።