የጠረገችው ፍግ

ወርቂቱ አራተኛውን ቅርጫት ፍግ የእንሰት ችግኞቿ ሥር ገልብጣ ሳታርፍ ወደ ፍጉ ክምር ተመለሰች። መምህር ልዑልሰገድ ከምሳ በፊት በባጃጅ እመለሳለሁ ብሏል።

መምህሩ የዲላ ሰው ነው። ግቢው ስለጠበበው ከአራት ዓመት በፊት ላሙን ወናጎ አጠገብ ለምትኖረው ለወርቂቱ እያበላች እንድትይዛት በርቢ ሰጣት። ወተቱን እኩል ይካፈላሉ፤ እበቱ የጠረገው ሰው ድርሻ ነው። ወረቀት ላይ ያሰፈረው የለም፤ የማያውቀውም የለም። ዛሬ ጠዋት ግን ላሟን ሸጦ ለገዢው አስረከበ። ሊወጣ ሲል ክምሩን አየና እሱንም ለአቮካዶዬ እወስደዋለሁ አላት።

ሌላ ከብት የላትም። ዘንድሮ የተከለቻቸው ሠላሳ ስድስት ችግኞች ከዓመታት በኋላ ቆጮዋ ናቸው፤ ያለ ፍግ አይወፍሩም።

ጎረቤቷ ገሪማ አጥሩን ተደግፎ ሲያያት ቆየ። እንዲህ ከሮጥሽ ባጃጁን ትቀድሚዋለሽ ብሎ ቀለደ። አልሳቀችም። ክምሩን ጠጋ ብሎ ሲያየው ቀልዱን ተወ።

«የታችኛው በስሏል። የላይኛው ገና ትኩስ ነው፤ ሥሩን ያቃጥልብሻል።»

ታውቃለች። ሦስት ወር ያልተኛ ፍግ እንሰት ሥር አድርጋ አታውቅም። ዛሬ ግን ለመለየት ጊዜ የላትም። ትዝቃለች፣ ትሸከማለች፣ መንገዱን ታያለች። ሁለት ጊዜ የባጃጅ ድምፅ ሰምታ ቆመች፤ ሁለቱም አልፈው ሄዱ። ሦስተኛው በሯ ላይ ቆመ።

ልዑልሰገድ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢቶች ይዞ ወረደ። ክምሩ በነበረበት ቦታ እርጥብ መሬት ብቻ ቀርቷል።

«እትዬ ወርቂቱ፣ ፍጉ የት ሄደ?»

«እንሰቱ ሥር ነው፣ መምህር። ወተቱን ተካፍለናል፤ እበቱን እኔ ነኝ የጠረግሁት። ከፈለጉ ከዚያ ይዛቁት።»

መምህሩ ችግኞቹን አየ፤ ከዚያ ጫማውን አየ። የባጃጁ ሹፌር ፊቱን አዞረ። መምህሩ ባዶ ከረጢቶቹን ይዞ ባጃጁ ላይ ወጣና ሄደ።

ባጃጁ ከዓይኗ ሲሰወር ወርቂቱ ተንበርክካ እጇን ፍጉ ውስጥ ሰደደች። ይሞቃል። ትኩሱን ከየግንዱ በእጇ ማራቅ ጀመረች፤ ገሪማም አጥሩን ዘሎ ከሌላው ጫፍ ያዘላት። ግማሽ ሳይደርሱ ዝናቡ መጣና ትኩሱንም የበሰለውንም አንድ ላይ አቦካው።

ከሠላሳ ስድስቱ ችግኞች አሥራ ዘጠኙ ጸደቁ።