በጀልባ የተጫነች ታንኳ

ቦንጋ ውሃ ዳር ያለች ከተማ አይደለችም። የእኛ የሞተር ጀልባ ግን አዳሩ ቦንጋ ነው፤ በመሥሪያ ቤታችን ግቢ ጥግ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች ላይ። በጀልባው ላይ ደግሞ ትንሿ ታንኳ ተደፍታ ትታሰር ነበር። ፒካፕ መኪናችን ይህን ሁሉ እየጎተተ በገበያው መሐል ሲያልፍ የባጃጅ ሾፌሮች ዝም ብለው አሳልፈውን አያውቁም። "ዶክተር፣ ባሕሩ ቦንጋ የሚደርሰው መቼ ነው?" ይሉኛል። አንዱማ ዝናብ በበረታበት ሰሞን መስኮቴ ድረስ ተጠግቶ፣ እንስሳቱን ጥንድ ጥንድ አድርገን ጭነን እንደ ጨረስን ጠይቆኛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እስቅ ነበር። በኋላ ራሴን በመነቅነቅ ብቻ እመልስ ጀመር፤ ቀልዱ አልከፋም፣ ለመሳቅ የሚተርፈኝ ጉልበት ግን እያነሰ ሄደ።

ጀልባውን ውሃው ዳር ለምን እንደማንተወው ብዙ ሰው ይጠይቃል። የምንሠራበት ሐይቅ ተፈጥሮ ያበጀው አይደለም፤ ግድብ ወደ ኋላ የገፋው ወንዝ ነው። ክረምት ሲሆን ዳርቻው ሽቅብ ይወጣል፣ በጋ ሲገባ ይሸሻል። ዛሬ ጀልባ የታሰረበት ግንድ ከወር በኋላ ወይ ይሰጥማል፣ ወይ ጭቃ መካከል ብቻውን ይቀራል። ጠባቂ ለመቅጠር በጀት ጠየቅሁ፤ አልተገኘም። ስለዚህ በየወሩ ከደጋው ወደ ቆላው ይዘነው እንወርዳለን፣ ይዘነው እንመለሳለን።

ሥራዬ የውሃውን ጤንነት መከታተል ነው፤ ከሐይቁ መሐልና ትንንሽ ወንዞች ከሚገቡባቸው ሰርጦች ውሃ በጠርሙስ እቀዳለሁ፣ ሙቀቱንና ጥራቱን እለካለሁ። የሐይቁ መሐል አያስቸግርም። የሚያስቸግሩት ሰርጦቹ ናቸው። ሸለቆው ሲሞላ ዛፎቹ በቁማቸው ሰጥመው ደርቀዋል። ጥቂቶቹ ቅርንጫፎቻቸውን ከውሃ በላይ አውጥተው ይታያሉ፤ የማይታዩት ከሚታዩት ይበዛሉ። ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረው የሞተሩ ምላጭ ከአንዱ ጉቶ ጋር ከተገናኘ የዚያን ቀን ሥራ አበቃ ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ጀልባው ሰርጡ አፍ ላይ ይቆማል፤ ታንኳዋ ትወርዳለች፤ እኔ እየቀዘፍኩ ገብቼ ቀድቼ እወጣለሁ፤ ታንኳዋ ተመልሳ ትጫናለች፤ ወደሚቀጥለው ሰርጥ እንሄዳለን። በአየር የምትነፋ ቀላል የጎማ ታንኳም አንድ ጊዜ ተገዝታልን ነበር። የደረቀ ግራር እሾህ በመጀመሪያው ጉዞ በሳት። ከእርሷ በኋላ የመጣችው ፋይበር ናት፤ እሾህ አይበሳትም፣ ነገር ግን ከባድ ናት።

እርሷን ማንሳት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አፍንጫዋ በጀልባው ጠርዝ ላይ ይወጣና ውስጧ ያቆረው ውሃ እስኪፈስ ይጠበቃል። ከዚያ አንዱ ከፊት ይስባል፤ ሌላው ከጠርዙ ወደ ውጭ አጎንብሶ ከኋላዋ፣ ከሥሯ ይዞ ያነሳል። ጀልባው ራሱ ከእግር ሥር ስለሚወዛወዝ ኃይሉ ሁሉ የሚመጣው ከወገብ ነው። ከወጣች በኋላ ትደፋለች፤ ሳትደፋ ከታሰረች ማዕበል ይሞላታል። አንድ ገመድ በፊቷ በኩል፣ አንድ በኋላዋ በኩል ይተላለፍባታል፤ አፍንጫዋ ደግሞ ለብቻው፣ ከጀልባው ኋላ ወለሉ አጠገብ ካለው የብረት ቀለበት ጋር ይታሰራል። እንዳትፋተግ በጠርዙና በእርሷ መካከል አሮጌ ብርድ ልብስ እናስገባለን። ይህን ቅደም ተከተል ለዓመታት አላዛነፍንም።

"እኛ" የምለው እኔንና ጀልባ ነጂያችንን ነው። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደጉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ወደ ቦንጋ የመጡት ካረጁ በኋላ ነው፤ ባለቤታቸው ዝዋይ ቀርተዋል። ቀድሞ የሠሩት ሁሉ በግል ጀልባዎች ላይ ስለነበር ለጡረታ የሚቆጠርላቸው አገልግሎት እኛ ዘንድ ያሳለፉት ብቻ ነበር። ጡረታው እንዲከበርላቸው ጥቂት ወራት ሲቀሯቸው ወገባቸው ታመመ። ሕመሙን ለማንም አልነገሩም፤ ለእኔም ቢሆን። እኔ ያወቅሁት ታንኳዋን ካነሱ በኋላ ሞተሩን ለማስነሳት ስለሚዘገዩ ነበር። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ የሞተሩን ክዳን የሚያዩ መስለው፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ይቆያሉ። እኔም ጠርሙሶቼን ደግሜ እደረድራለሁ።

ሦስተኛው ሰው ሾፌራችን ነው። ቦንጋ አቅራቢያ ያለችው የማንኪራ ልጅ ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ ጫካ ውስጥ የሚሰቅላቸው ቀፎዎች አሉት። ውሃ ላይ አይወጣም፣ መኪናውንና ተጎታቹን ይጠብቃል። ነገር ግን ከቦንጋ ከመነሳታችን በፊት ታንኳዋን ለመንገዱ የሚያስረው እርሱ ነው፤ የሚያስራትም ቀፎ ከዛፍ ጋር በሚታሰርበት አኳኋን ነው። ገመዱ ይዞራል፣ በራሱ ሥር ይገባል፣ እንደገና ይዞራል፣ ከዚያ በእግር ተረግጦ ይጠብቃል። ቀፎ ከነማሩ ከዛፍ ከወደቀ የዓመት ድካም ነውና ቋጠሮው እንዲፈታ ተብሎ አይታሰርም። ጀልባ ነጂው ውሃው ዳር በደረስን ቁጥር ያንን ቋጠሮ በጥፍራቸውም በጥርሳቸውም እየታገሉ ይፈቱና በአንድ መሳብ በሚለቀው በራሳቸው አስተሳሰር ይተኩታል።

ሾፌሩ ይስቅባቸዋል። "ጋሼ፣ እኔ ያሰርኩትን ነብርም አይፈታው፣ እርስዎ በጥርስ?"

"ያንተ ቀፎ ዛፍ ላይ ነው፣ ወዴትም አይሄድ። ውሃ የያዘብህን ነገር ግን ቶሎ መልቀቅ አለብህ።"

"ታዲያ የያዙትን ከለቀቁ ምን ይዘው ወደ ቤት ይገባሉ?"

ይህ ክርክር በየወሩ ነበር፤ አንዱም ሌላውን አሳምኖ አያውቅም።

በዚያ ሰሞን የክፍላችን ኃላፊ ቢሮው አስጠራኝ። ተማሪዬ የነበረ፣ ሥራውን የሚያከብር ወጣት ነው። ስለ ጀልባ ነጂው ወገብ ወሬ ደርሶት ነበር። ሰውየው ታንኳዋን ማንሳት ካልቻሉ ወይ እርሳቸው፣ ወይ እኔ አንድ ቀን ውሃ ውስጥ እንደምንወድቅ፣ ተጠያቂው ደግሞ ቢሮው እንደሆነ ነገረኝ። በሚቀጥለው ጉዞ አብሮን ወጥቶ ራሱ ሊያይ እንደ ወሰነ፣ ብቃት ከሌላቸው ውላቸው በዚያው ወር እንደሚቋረጥ ገለጸልኝ። ክፉ ልብ አልነበረውም። ጥቂት ወራት ቢታገስ ስል ለመንኩት። "ዶክተር፣ ወራቱን እኔም አውቃቸዋለሁ፤ አደጋ ግን ወር ቆጥሮ አይመጣም" አለኝ። ረዳት ሠራተኛ እንዲመደብ ቀድሞ ጠይቄ እንደ ተከለከልኩ አስታወስኩትና ወጣሁ።

የጉዞው ዕለት ነፋሱ ገና ከረፋዱ ተነሳ። ኃላፊያችን ላይፍ ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ፣ በሁለት እጁ መቀመጫውን ጨብጦ መሐል ላይ ተቀመጠ። ውሃ እንደሚፈራ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። "እኔ ዛሬ ታዛቢ ነኝ፣ እንደሌለሁ ቁጠሩኝ" አለ። ጀልባ ነጂው ፈገግ አላሉም። ገና መኪናው ውስጥ ሳሉ ወደ አንድ ጎናቸው ዘንበል ብለው እንደ ተቀመጡ አይቻለሁ። ውሃው ዳር ስንደርስ ሁለቱን የላይ ገመዶች ፈቱ፤ ታንኳዋ በምትወርድበት ጊዜ እንዳትርቅ የሚይዛትን የአፍንጫ ገመድ ግን ከቀለበቱ አልፈቱትም። ቀለበቱ ወለሉ አጠገብ ነው፤ እርሱ ጋ ለመድረስ ተንበርክኮ ማጎንበስ ያስፈልጋል። የሾፌሩ ቋጠሮ እንዳለ ቀረ። አየሁት፤ ታንኳዋን የምፈታት በሌላው ጫፍ፣ ከአፍንጫዋ ላይ ስለሆነ ለሥራችን እንቅፋት አይሆንም ብዬ አለፍኩት።

የመጀመሪያው ሰርጥ ላይ ታንኳዋን ማውረዱ ቀላል ነበር፤ ማውረድ ሁልጊዜም ቀላል ነው። ገመዱን ከአፍንጫዋ ፈትቼ፣ ገብቼ ቀድቼ ተመለስኩ። ስመለስ ጀልባ ነጂው ጠርዙን ይዘው ቆመዋል፤ ፊታቸው ላይ በዚያ ነፋስ ላብ ነበር። ኃላፊያችን ስልኩን አውጥቷል። ታንኳዋን ከጀልባው ጎን አስጠግቼ፣ ገመዱን መልሼ አፍንጫዋ ላይ አስሬ ወጣሁና አፍንጫዋን ለመሳብ በቦታዬ ቆምኩ። እርሳቸው አላጎነበሱም።

"ዶክተር፣ ምን ይመስልዎታል፣ ብንጎትታትስ?" አሉኝ። ድምፃቸው የተለመደው ድምፅ ነበር። ዓይናቸው ግን ከእኔ ዓይን አልተነሳም።

በዝዋይ ታንኳ ይጎተታል፤ ልጅነታቸውን ሙሉ ያዩት ይህንን ነው። እዚያ ግን ከውሃው ሥር ደን የለም። እኛ ሰርጥ በቀየርን ቁጥር ታንኳዋን እያነሳን ጉልበት የምንጨርሰው ስንጎትታት ጉቶ እንዳይይዛት ብለን ነው። ይህን እርሳቸውም ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ። እንጫናት ብል ወገባቸው በኃላፊው ፊት ይጋለጣል። እንጎትታት ብል ታንኳዋ በእድል ትሄዳለች።

"እንጎትታት" አልኩ።

ኃላፊያችን ይህ የተለመደ አሠራር እንደሆነ ጠየቀ። ነፋስ ሲኖር ማንሳቱ አደገኛ መሆኑን ነገርኩት፤ ይህም ውሸት አልነበረም።

ቀስ ብለን ሄድን። እኔ ኋላ ተቀምጬ ገመዱን እመለከት ነበር። ሲወጠር ጥሩ ነው፤ ሲላላ ይሰጥማል፣ ሲሰጥም ዓይኔ አያየውም። ወደ ሁለተኛው ሰርጥ ልንታጠፍ ጀልባ ነጂው ፍጥነት ሲቀንሱ ገመዱ ላላ፤ እንደገና ሲወጠር ወደ ታች ነበር የተወጠረው፤ ከውሃው ሥር ጉቶ ይዞታል። የጀልባው ኋላ በአንድ ጊዜ ዝቅ አለ። ውሃ በጠርዙ ላይ ገብቶ ጫማዬን ሞላው። ታንኳዋ ወደ እኛ ተስባ መጣችና፣ አንድ ሰው ከሥር አፍንጫዋን ይዞ እንደሚያወርዳት ሁሉ፣ በፊቷ መስጠም ጀመረች። ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጥፍተው ወደ ቀለበቱ መጡ፤ ተንበረከኩ፤ ያንን ቋጠሮ ያዙት። ጣቶቻቸው ሲሠሩ አያለሁ። ውሃ የጠጣና የተወጠረ የቀፎ ቋጠሮ በጣት አይፈታም። ኃላፊያችን እግሮቹን ወደ መቀመጫው ሰብስቧል።

ከዕቃ ሳጥኔ ቢላዋውን አውጥቼ ገመዱን ቆረጥኩት። ጀልባው ብድግ ብሎ ተወዛወዘ፣ ተረጋጋ። ታንኳዋ ኋላዋን ለአፍታ አሳየችንና ገባች። አንደኛው መቅዘፊያ ተንሳፍፎ ቀረ፤ እርሱን ለቅመን ተመለስን። ጀልባ ነጂው ከወለሉ ለመነሳት ትከሻዬን መያዝ ነበረባቸው። ኃላፊያችን በድንጋጤው ያንን ማየቱን አላወቅሁም።

የብስ ከረገጥን በኋላ፣ የፊቱ ቀለም እንደ ተመለሰ፣ ኃላፊያችን ወደ ጎን ጠራኝ። "እንጎትታት ያለው ማነው?" አለኝ።

"እኔ ነኝ። በጉዞ ላይ ውሳኔው የእኔ ነው።"

"እሳቸው ናቸው ሐሳቡን ያመጡት። ሰምቻለሁ።"

"ጠየቁኝ፤ ወሰንኩ።"

ከዚያ ለጠፋው ንብረት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ለእኔ እንደሚደርሰኝ በአክብሮት ነገረኝ። ስለ ውል ማቋረጥ አላነሳም። የሚነሳ ታንኳ ከሌለ ማንሳት ይችላሉ ወይስ አይችሉም የሚለው ጥያቄም የለም፤ ሪፖርቱን በዚያው ዘጋው። ሾፌሩ ባዶውን ጀልባ ሲያይ ለመቀለድ አፉን ከፈተና የጀልባ ነጂውን ፊት አይቶ ተወው። ቀለበቱ ላይ የቀረውን የገመድ ቁራጭ ግን ነካካው፤ ቋጠሮው አሁንም እንዳለ ነበር።

ወደ ቦንጋ ስንወጣ ጀልባ ነጂው ከኋላ ወንበር ላይ አጠገቤ ነበሩ። ያመሰግኑኛል ብዬ አልጠበቅሁም፤ የሰማሁትንም አልጠበቅሁም።

"አነሳት ነበር" አሉ፣ ወደ መስኮቱ ዞረው።

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

"አንድ ጊዜ ብቻ ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው እንጂ፣ አነሳት ነበር።"



ከወር በኋላ ኃላፊያችን ሌላ ታንኳ እንዲገዛ ልጠይቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይሁን አልኩት። የጡረታውን ጊዜ እርሱም ያሰላው ይመስለኛል፤ አልተከራከረኝም። የሰርጦቹ ልኬት በዚህ ምክንያት ተቋረጠ፤ ለዓመታት ያለ ክፍተት ያቆየሁት ሥራ ነበር፤ ክፍተቱን የሚሞላ መረጃ ከየትም አይመጣም። ጀልባ ነጂው ይህን ሲያውቁ ለብዙ ሳምንታት ከሰላምታ በቀር አላናገሩኝም። ውለታ መሸከም ታንኳ ከማንሳት የሚቀላቸው ሰው አልነበሩም።

ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት በነበረው የመጨረሻ ጉዟችን ላይ ሰርጡ አፍ ስንደርስ ሳልጠይቃቸው ሞተሩን አጠፉ። ከአፉ ላይ አንድ ጠርሙስ ቀዳሁ። የደረቁት ዛፎች ወደ ውስጥ፣ ሰርጡ እስከሚታጠፍበት ድረስ ቆመዋል።

"ከዚያ ወዲያ ያለውን ውሃ ማን ያየዋል?" አሉኝ።

"ለጊዜው ማንም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠርሙሱን ተቀብለውኝ፣ ክዳኑ መጥበቁን አይተው፣ ሳጥኑ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጡት። ከዚያ ሞተሩን አስነሱ።